የቀለጠ ሪአክተር ላይ ውሃ መድፋት ይበቃል? ከደሴ የተነሳ ጥያቄ

የጦሳ ልጅ (ክሩን የከፈተ)፣ ሰኞ ማታ 2፡15
ሰላም ጀመዓው፣ እንዴት ሰነበታችሁ። ደሴ ውስጥ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ባለፈው ሳምንት ስለ ኒውክሌር ኃይል ስናወራ አንድ ተማሪዬ እጁን አወጣ። «መምህር፣ ሪአክተሩ ቀልጦ ከተደረመሰ በቦቴ ውሃ አምጥተው አይደፉበትም?» አለኝ። ክፍሉ ሳቀ። እኔ ግን ለጥቂት ጊዜ ዝም አልኩ። ልጁ የነካው ነገር ተመራማሪዎች ከ40 ዓመት በላይ የተጨነቁበት ነገር ነው።

መጀመሪያ ሙቀቱ ከየት እንደሚመጣ ልበል። ሪአክተር፣ ማለትም ዩራኒየም እየተሰነጠቀ ሙቀት የሚሰጥበት የኒውክሌር ምድጃ፣ ሲያጠፉት እንደ ጋዝ ምድጃ እልም አይልም። የዩራኒየሙ መሰንጠቅ ይቆማል። ከመሰንጠቁ የተረፉት ንጥረ ነገሮች ግን ጨረር እየለቀቁ መሞቃቸውን ይቀጥላሉ። ይህን «ቀሪ ሙቀት» እንበለው። 3,000 ሜጋ ዋት ሙቀት የሚሰጥ ሪአክተር እንውሰድ። በጠፋ ቅጽበት 200 ሜጋ ዋት ገደማ ይቀረዋል። ከአንድ ቀን በኋላም ወደ 15 ሜጋ ዋት አለ። አንድ የእንጀራ ምጣድ 4 ኪሎ ዋት ቢስብ፣ 3,750 ምጣድ በአንድ ክፍል ተጥዶ ማጥፊያው አልገኝ አለ ማለት ነው።

ያን ሙቀት ለማውጣት በሰዓት ወደ 24 ሺህ ሊትር ውሃ ፈልቶ መትነን አለበት። ባለ 10 ሺህ ሊትር ቦቴ ቢሆን ሁለት ተኩል ገደማ ነው። ስለዚህ ልጁ በመጠኑ አልተሳሳተም። ያን ያህል ውሃ ይገኛል። ጭንቁ ውሃው በፍርስራሹ ክምር ውስጥ ይገባል ወይ የሚለው ነው።

የቀለጠው ነዳጅ፣ ማለትም ዩራኒየሙ፣ ጥልቅ ውሃ ውስጥ ሲወድቅ ይበታተናል። ጥቂት ሚሊሜትር የሚያህል ጠጠር ይሆንና ወለሉ ላይ ይከመራል። ያ ክምር ራሱን በራሱ ያሞቃል። ውሃ ከላይ ይወርዳል፣ እንፋሎት ከታች ይወጣል፣ ሁለቱም በአንድ ቀዳዳ ይጋፋሉ። እንፋሎቱ ካሸነፈ የክምሩ ሆድ ይደርቃል። ከደረቀ ደግሞ ይግላል፣ እንደገናም ሊቀልጥ ይችላል።

ቅዳሜ እቤቴ ግቢ ሞከርኩት። ሁለት ባዶ የወተት ዱቄት ጣሳ ወሰድኩ። በአንዱ ሽምብራ የሚያካክል ጠጠር ሞላሁ። በሌላው በወንፊት የተነፋ የቦርከና አሸዋ። ሁለቱንም ከሰል ምድጃ ላይ ግማሽ ሰዓት አቆየኋቸው። ከዚያ በሻይ ብርጭቆ ውሃ አፈሰስኩ። ጠጠሩ ጮኸ፣ ተንፈቀፈቀ፣ ወዲያው ውሃው ታች ደረሰ። አሸዋው ግን ላዩ ብቻ ረጠበ። ጥቁር ሆኖ፣ ቀዝቅዞ፣ የጠፋ መሰለ። ረጅም ሚስማር ወደ ውስጥ ሰካሁና ደቂቃ ቆይቼ አወጣሁት። ሻማ ላይ ሳስነካው ሰሙ ቀለጠ፣ ጨሰም። ላዩን የነካ ሰው ግን ቀዝቅዟል ብሎ ይምላል።

ይህን የጻፍኩት ለወሬ አይደለም። በመስከረም 2018 ሀገራችን ከሩሲያው የኒውክሌር ድርጅት ከሮሳቶም ጋር የኒውክሌር ማመንጫ ለመገንባት የድርጊት መርሃ ግብር ተፈራርማለች። ልጆቼ የሚጠይቁት ነገር ነገ በራችን ላይ ይመጣል። የምታውቁ ጨምሩበት።

የሐይቋ፣ ሰኞ ማታ 3፡02
መምህር፣ እግዜር ይስጥልን። የኔ ጥያቄ ቀላል ነው። እናቴ ማታ ማታ ፍሙን አመድ ታለብሰዋለች። ጠዋት ገለጥ አድርጋ እፍ ስትለው ይነሳል። ጨርሳ ማጥፋት ስትፈልግ ደግሞ አየር ትነሳዋለች፣ ድስት ትደፋበታለች። ይሄን ክምር በአፈር ቢቀብሩትስ? አየር ካጣ አይሞትም?

የጦሳ ልጅ፣ ሰኞ ማታ 3፡20
እህቴ፣ ይቺን ጥያቄ ስጠብቃት ነበር። ረመጥ የሚሞቀው ከሰል ስለሚበላና አየር ስለሚያገኝ ነው። አንዱን ከነሳሽው ያበቃል። የሪአክተር ፍርስራሽ ግን ምንም አይበላም፣ ከማንም አይለምንም። ሙቀቱ ከራሱ አቶም ነው የሚወጣው። አመድ ብታለብሽው ብርድ ልብስ ደረብሽለት ማለት ነው። ሙቀቱ መውጫ ያጣል፣ ክምሩ ይብስ ይግላል።

ዩክሬን ውስጥ የቼርኖቤል ሪአክተር እ.ኤ.አ. በ1986 ሲፈነዳ ይህ ጭንቀት በእውነት ነበር። ሄሊኮፕተሮች አሸዋ፣ ሸክላ አፈር፣ እርሳስ፣ ቦሮን እና ዶሎማይት ጣሉ፤ ወደ 5,000 ቶን ይደርሳል። ብዙው ከታለመለት ቦታ ውጭ እንዳረፈ ኋላ ታወቀ። የቀለጠው ግን ቁልቁል መንገዱን ቀጠለ። ኮንክሪቱን እየበላ ከሥሩ ወዳሉት ክፍሎች ፈሰሰ። «የዝሆን እግር» የሚሉት ጥቁር ጓል እዚያ ነው የተገኘው፣ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ።

የሐይቋ፣ ሰኞ ማታ 3፡26
ብርድ ልብስ ያልከው ገባኝ። አስፈሪ ነው።

ኮምቦልቻ ማቅለጫ፣ ማክሰኞ ጠዋት 1፡10
ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ሳይንሱን አላውቅም፣ እሳቱን ግን አውቀዋለሁ። ብረት ማቅለጫ ውስጥ 11 ዓመት ሠርቻለሁ፣ የየትኛው ድርጅት እንደሆነ አልጠቅስም። መምህር ስለ አሸዋው ያልከው እኔ ላይ ደርሷል።

ከቀለጠው ብረት ላይ የሚገፈፍ ቆሻሻ አለ፣ ስላግ እንለዋለን። ግቢው ጥግ ይደፋል። አንድ ቀን ማታ ደፋን፣ በጎማ ውሃ አጠጣነው፣ ጠቆረ። በማግስቱ ከሰዓት ጓደኛዬ ለማቋረጥ ረገጠው። ቅርፊቱ እንደ እንቁላል ተሰበረ። ከሥሩ ቀይ ነበር! ጫማው ሶሉ ቀለጠ፣ እግሩን እስከ ቁርጭምጭሚቱ ተቃጠለ። ሦስት ወር ተኝቷል። ውሃ ያጠጣነው ሁለታችን ነበርን። «ጠፍቷል» ያልኩት እኔ ነኝ። እስካሁን ይቆጨኛል።

ግን አንድ ነገር መቃወም አለብኝ። መምህር «ቀልጦ ውሃ ውስጥ ይወድቃል» እያልክ ስትጽፍ ጸጉሬ ቆመ። እኛ ጋ የመጀመሪያው ሕግ ምንድን ነው? እርጥብ ቁርጥራጭ ብረት ምድጃ ውስጥ አይገባም። አንዲት ጠብታ ውሃ በቀለጠ ብረት ሥር ከተያዘች እንደ ቦምብ ነው። ጣሪያ ስትነሳ አይቻለሁ። ታዲያ እነዚህ ሰዎች ሆን ብለው የቀለጠ ነገር ውሃ ውስጥ እንዴት ይጥላሉ?

ከወልድያ ስቶክሆልም፣ ማክሰኞ ቀን 7፡40
ሰላም ጀመዓው። የወልድያ ልጅ ነኝ፣ ስዊድን ነው የምኖረው። የሙቀት ምህንድስና ነው የተማርኩት። ኮምቦልቻ፣ ጓደኛህን አላህ ያሽረው። ጥያቄህ ደግሞ ባለሙያዎችን ለሁለት የከፈለ ጥያቄ ነው፣ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

እዚህ ስዊድንና ፊንላንድ አንዳንድ የቆዩ ሪአክተሮች አሉ። የእነሱ ዕቅድ ልክ አንተ የፈራኸው ነው። አደጋው ከባድ ከሆነ ከጋኑ ሥር ያለውን ክፍል አስቀድመው በውሃ ይሞሉታል። ጋን የምለው ነዳጁ የተቀመጠበትን ወፍራም ብረት ነው። ጋኑ ከተበሳ የቀለጠው ብዙ ሜትር ውሃ ውስጥ ይወድቃል። ተስፋቸው ተበታትኖ ጠጠር እንዲሆንና እንዲቀዘቅዝ ነው። አንተ ያልከው የእንፋሎት ፍንዳታ ስጋት አለ፣ ማንም አይክደውም። ስለ እሱ ብቻ ለዓመታት ሙከራ ተደርጓል። አንድ ሊትር ውሃ ወደ 1,600 ሊትር እንፋሎት ይሆናል፣ ያ በቅጽበት ከሆነ ግድግዳ ይገፋል።

ሌሎች ደግሞ ያንተን ሕግ ተከተሉ። ኢፒአር የሚባለው የአውሮፓ ሪአክተር ከሥሩ 170 ካሬ ሜትር የሚሆን ደረቅ ወለል አለው። የቀለጠው መጀመሪያ እዚያ ላይ እንደ ሊጥ ይዘረጋል። ስስ ሆኖ ከተዘረጋ በኋላ ነው ውሃ ከሥርም ከላይም የሚመጣለት። ስስ እንጀራ ቶሎ ይበርዳል፣ ድፎ ዳቦ ግን መሐሉ ትኩስ ሆኖ ይቆያል። ነገሩ ያ ነው። የሩሲያው ቪቪኢአር 1200 ደግሞ ከጋኑ ሥር የቀለጠውን የሚቀበል ትልቅ ሙዳይ መሳይ ብረት አለው። ግብፅ ኤል ዳባ ላይ እየተሠሩ ያሉት አራቱ ሪአክተሮች ይህ አላቸው። የእኛ ሀገር ከማን ጋር እንደተፈራረመ አስታውሱና መጀመሪያ የምንጠይቀው ይህን ይሁን።

አሁን ወደ መምህር ጣሳ ልመለስ፣ በጣም ወድጄዋለሁና። ጀሪካን ዘቅዝቃችሁ ውሃ አፍስሳችሁ ታውቃላችሁ አይደል? ቡልቅ ቡልቅ ይላል። ውሃ ሊወጣ ይፈልጋል፣ አየር ሊገባ ይፈልጋል፣ አፉ አንድ ነው። ተራ እየጠበቁ ይጋፋሉ። የፍርስራሹ ክምር ውስጥም ያው ነው፣ በሺህ የሚቆጠሩ ጠባብ አፎች አሉ። ጠጠሩ በደቀቀ ቁጥር አፉ ይጠብባል። እንፋሎቱ ወደ ላይ በኃይል ሲወጣ ውሃውን ያንጠለጥለዋል። ከላይ ምንም ያህል ውሃ ቢጨመር አይወርድም። ስለዚህ «ብዙ ውሃ አለ» ማለት ብቻውን መልስ አይሆንም። ክምሩ ላይ አሥር ሜትር ውሃ ተኝቶ ሆዱ ደረቅ ሊሆን ይችላል።

አሁን ጀሪካኑ ታች ጥግ ላይ በሚስማር አንዲት ቀዳዳ ብትበሱለትስ? አየር በዚያ ይገባል፣ ውሃው ያለ ትግል ይፈሳል። ክምርም በጎኑ ወይም በሥሩ ውሃ የሚያገኝ ከሆነ እንዲሁ ነው። ውሃና እንፋሎት መንገድ ይለያያሉ። ውሃው ከሥር ይገባል፣ እንፋሎቱ በአናት ይወጣል፣ ሁለቱም አንድ አቅጣጫ ነው የሚሄዱት።

ፊንላንድ ውስጥ ቪቲቲ የሚባል የምርምር ተቋም ኩሎሴ በሚባል መሣሪያ ይህን ለክቶታል። ጠጠሩን በኤሌክትሪክ እያሞቁ የክምሩን ቅርጽ ይለዋውጡ ነበር። አንዱ እንደ ከበሮ ቀጥ ያለ፣ ላዩ ብቻ ለውሃ ክፍት የሆነ። ሌላው እንደ ጤፍ ክምር ሾጣጣ፣ ጎኑ ሁሉ ውሃ የሚነካው። ቁመታቸው እኩል ሲሆን ሾጣጣው የተሻለ ይቀዘቅዛል፣ ውሃ በጎኑ ይገባለታልና። ግን ተጠንቀቁ። ያንኑ ያህል ፍርስራሽ በዚያው ወለል ላይ ሾጣጣ አድርጋችሁ ከከመራችሁት ቁመቱ ሦስት እጥፍ ይሆናል። ያን ጊዜ ጫፉ ላይ ከሥር የመጣው እንፋሎት ሁሉ ይሰበሰባል፣ አናቱ ይደርቃል። ጎኑ የሰጠውን ጥቅም ቁመቱ ይወስደዋል። ለዚህ ነው የክምሩን ቅርጽ ሳያውቁ ይቀዘቅዛል ብሎ መማል የማይቻለው።

12ኛ ክፍል፣ ማክሰኞ ማታ 1፡55
መምህር፣ ጥያቄውን ያነሳሁት እኔ ነኝ። ክፍሉ ሲስቅ አፍሬ ነበር፣ አሁን ግን ደስ ብሎኛል። አንድ ልጠይቅዎት። በእውነተኛ አደጋ ላይ ውሃ የተሳካበት ጊዜ አለ? ወይስ ሁሌ ያቅታል?

የጦሳ ልጅ፣ ማክሰኞ ማታ 2፡30
ልጄ፣ የሚያሳፍር ነገር አልጠየቅህም። አዎ፣ ተሳክቷል።

አሜሪካ፣ ፔንሲልቬንያ፣ ስሪ ማይል አይላንድ የሚባል የኒውክሌር ማመንጫ። እ.ኤ.አ. መጋቢት 28 ቀን 1979፣ ሌሊት 10 ሰዓት ላይ በእኛ አቆጣጠር። አንድ ቫልቭ ተከፍቶ ሳይዘጋ ቀረ፣ ውሃው እየወጣ ጎደለ፣ ሠራተኞቹም የሚያዩት መለኪያ አሳሳታቸው። ነዳጁ ከውሃው ወጥቶ ተጋለጠ። ነዳጁ የታሸገበት ዘንግ ልባስ ዚርኮኒየም የሚባል ብረት ነው። ከ1,200 ዲግሪ በላይ ሲሆን ከእንፋሎት ጋር በኃይል ይዋሃዳል፣ ሙቀትም ሃይድሮጂንም ይሰጣል፣ ራሱም እንደ ሸክላ ተሰባሪ ይሆናል። ሦስት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው አንድ ፓምፕ አስነሱ። ቀዝቃዛ ውሃ በጋሉት ዘንጎች ላይ ደረሰ። ትኩስ ብርጭቆ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ብታፈስ ምን ይሆናል? ያው ሆነ። ዘንጎቹ ተሰባብረው ክምር ሆኑ። መሐሉ ላይ ግን ውሃው ዘልቆ አልገባም። ቅርፊት አበጀ፣ ከቅርፊቱ ውስጥ መቅለጡ ቀጠለ። ልክ የኮምቦልቻው ወንድማችን ስላግ።

ከዚያ አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ ወደ 20 ቶን የቀለጠ ነገር ወደ ጋኑ ታችኛ ክፍል ወረደ። እዚያ ውሃ ነበር። ብረቱ 13 ሴንቲሜትር ገደማ ውፍረት አለው። አንድ ቦታ ላይ ወደ 1,100 ዲግሪ ደርሶ ለግማሽ ሰዓት ያህል እንደቆየ ኋላ ብረቱን ቆርጠው አረጋገጡ። ግን አልተበሳም። ሒሳቡ እንደዚያ በፍጥነት ይቀዘቅዛል አላለም ነበር። በጠጠሩና በቅርፊቱ ስንጥቆች ውሃ ሰርጎ ገብቷል፣ በቅርፊቱና በብረቱ መሐልም ጠባብ ክፍተት ሳይፈጠር አልቀረም ይላሉ አጥኚዎቹ። ዓለም የዚያን ጋን ውስጥ በካሜራ ያየው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው፣ በ1982። እስከዚያ ድረስ ነዳጁ ያን ያህል መጎዳቱን ብዙ ሰው አላመነም።

እና ይህን ያዝ። ጋኑን ያዳነው ውሃው ቀድሞ እዚያ መገኘቱ ነው። ቀልጦ ከወረደ በኋላ ሩጠው ያመጡት አይደለም።

የባቲ መንገደኛ፣ ረቡዕ ጠዋት 3፡15
አሰላሙ አለይኩም። ሁሉንም አነበብኩ፣ አላህ ይጨምርላችሁ። እኔ ልቤ የሚፈራው ሌላ ነው። ቧንቧችን በሳምንት አንዴ ይመጣል። መብራት ይሄዳል። መሬቱም እረፍት የለውም። አባቴ በ1953 የካራ ቆሬውን መንቀጥቀጥ ያስታውስ ነበር፣ ማጀቴ እንዴት እንደፈረሰች ይነግረን ነበር። ፓምፕ የሚያዞር መብራት ከሌለ ይሄ ሁሉ የጠጠር ጥናት ምን ይረባናል?

ከወልድያ ስቶክሆልም፣ ረቡዕ ቀን 6፡50
ወአለይኩም ሰላም። ጋሼ፣ ትልቁን ነገር ያነሱት እርስዎ ነዎት። የጃፓኑን የፉኩሺማ ኒውክሌር ማመንጫ የጣለው ያ ነው። እ.ኤ.አ. መጋቢት 11 ቀን 2011 የመሬት መንቀጥቀጡ 9.0 ነበር። ሪአክተሮቹ ወዲያው ጠፉ፣ እንደታቀደው። ከዚያ ሱናሚው መጣና ጄኔሬተሮቹን አጥለቀለቀ። መብራት የለም፣ ፓምፕ የለም። ቀሪ ሙቀቱ ግን አለ። ሦስት ሪአክተሮች ቀለጡ። በእሳት አደጋ መኪና የባሕር ውሃ እየገፉ ነው የደረሱለት፣ ያም ዘግይቶ። ዛሬም የተረፈውን ፍርስራሽ ለማቀዝቀዝ ውሃ ይገባለታል፣ አሁን ሙቀቱ ስለቀነሰ በሰዓት ጥቂት ሺህ ሊትር ይበቃዋል። ፍርስራሹ በድምሩ 880 ቶን ገደማ ነው ተብሎ ይገመታል። በሙከራ መጀመሪያ ያወጡት እ.ኤ.አ. በ2024 ነው፣ አንድ ግራም የማይሞላ።

ስለዚህ ጠጠሩን ማጥናቱ የሚረባው ለዚሁ ነው። መብራት ሳይኖር፣ ሰው ሳይነካው፣ ውሃው ከላይ ካለ ገንዳ በራሱ ክብደት ወርዶ በሥር እንዲገባ አድርጎ መሥራት ይቻላል። አዳዲሶቹ ንድፎች የሚያልሙት ያን ነው። ግን አስቀድሞ ሲሠራ ነው የሚሆነው፣ ሲፈርስ አይደለም። ጥያቄዎን በአደባባይ ይጠይቁ። መብራት ለስንት ቀን ቢጠፋ ይቋቋማል? ገንዳው የት ነው? መሬቱን ማን ለካው? እኔ ኒውክሌርን አልቃወምም፣ ለሀገሬ እመኘዋለሁ። ግን እነዚህን መልሶች በወረቀት ማየት እፈልጋለሁ።

የባቲ መንገደኛ፣ ረቡዕ ቀን 7፡05
እሺ ልጄ። እጠይቃለሁ። ቀበሌም ቢሆን ዩኒቨርሲቲም ቢሆን ስብሰባ ሲጠሩ ፊት እቀመጣለሁ።

ኮምቦልቻ ማቅለጫ፣ ረቡዕ ማታ 1፡30
መምህር፣ ቅዳሜ እረፍት ነኝ። ቀጭን የብረት ቧንቧ ቆርጬ ላምጣልህ? ጫፉ ላይ ቀዳዳ ቀዳዳ አደርግበታለሁ። ያን የአሸዋ ጣሳ ከሥሩ ውሃ አጠጥተን እንየው። የዓይን መከላከያ መነጽርም አለኝ፣ ለልጆቹም አመጣለሁ። ያለ እሱ ማንም አይጠጋም።

የጦሳ ልጅ፣ ቅዳሜ ማታ 12፡40
እንደተባባልነው አደረግነው። ኮምቦልቻ በጠዋቱ መጣ፣ ቧንቧውን ይዞ። ጥያቄውን ያነሳው ልጅም ሁለት ጓደኞቹን አስከትሎ መጣ።

አሸዋው ያው የቦርከና አሸዋ ነው፣ ወንፊቱም ያው። ቧንቧውን መጀመሪያ ጣሳው ወለል ላይ አቆምንና አሸዋውን ዙሪያውን ሞላን። ግማሽ ሰዓት ከሰል ላይ። ሁላችን መነጽር አደረግን፣ ልጆቹን ወደ ኋላ አራቅናቸው። ኮምቦልቻ በቧንቧው አናት ላይ ቀስ እያለ አንድ ብርጭቆ አፈሰሰ። መጀመሪያ ቧንቧው ራሱ ተፋ፣ ውሃው ወደ ላይ ተመለሰ። «ቆይ፣ አትቸኩል» አለኝ፣ እኔ ልጨምር ስል። ትንሽ ጠበቀና ደገመው። ከዚያ አሸዋው በዝግታ ከሥር ወደ ላይ ማጥቆር ጀመረ። እንፋሎቱ በአናቱ ይወጣል። አልፈነጠቀም፣ ላዩ ላይ ብቻ ትንንሽ ዓይኖች ተከፈቱ፣ እንደ እንጀራ። ውሃው ላይ ላዩን እስኪታይ ሦስት ብርጭቆ ፈጀ።

ከሰሉ ከሥሩ እንደነደደ ነው። ልጁ ሚስማሩን መሐሉ ላይ ሰካ። ደቂቃ ቆጠርን። አውጥቶ ሻማው ላይ አስነካው።

ሰሙ አልጨሰም።